አዲሱ ዊንዶውስ ሲወጣ፦ ዛሬ ይጫን ወይስ ይቆይ?

የምተዳደረው ሐዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን ነው። በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ ወደ ሱቄ የሚመጡት ኮምፒውተሮች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ባለቤቱ ማታ ሥራ ጨርሶ ሊነሳ ሲል አዲስ የዊንዶውስ እትም እንደተዘጋጀለት የሚገልጽ መልእክት ያያል፤ እሺ ብሎ ተጭኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት ሲመለስ ፕሪንተሩ አያትምም፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ አይከፈትም፣ አንዳንዴም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «አዲሱ ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳም ቢል በስንት ሰዓት ወደነበረበት ይመልሱታል? «በግማሽ ቀን» የሚል ሰው ዛሬም ቢጭን አልከለክለውም። መልስ የሌለው ሰው ግን አዲሱ የቱንም ያህል ቢያምር መቆየት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን መልስ ለማግኘት የሚረዳ ነው።

አስቀድመው ያዘጋጁ፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ 8 ጊጋ ባይትና ከዚያ በላይ የሚይዝ ባዶ ፍላሽ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ሥራ የማይጠብቅዎት አንድ ሙሉ ቀን።

ደረጃ 1፦ የቀረበልዎ ምን እንደሆነ ይለዩ

«አፕዴት» በሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። ውሳኔያቸውም ይለያያል።

1. ወርኃዊ የደኅንነት ማሻሻያ። ማይክሮሶፍት በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ያወጣዋል። ይህን ከአንድ ሳምንት በላይ አያቆዩት። ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት በሚዞርበት ከተማ የታወቀ ቀዳዳ ክፍት ትቶ መቀመጥ አደገኛ ነው።

2. ዓመታዊ እትም። ለምሳሌ 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም የወጣው መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ 25ኤች2 ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.። ለሥራ በሚያገለግል ኮምፒውተር ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቁ።

3. ትልቁ ዝላይ፣ ማለትም ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሻገር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከግል ኮምፒውተሮች ለተጨማሪ ጊዜ ለተመዘገቡት ብቻ የደኅንነት ማሻሻያው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲቀጥል ተደርጓል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚወሰነው የመሻገሪያው ቀን ነው፤ መሻገሩማ አይቀርም።

ስድስት ሳምንት የምለው እንዲሁ አይደለም። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም አንዳንድ ተጠቃሚዎች ሰነድና ፎቶ ያስቀመጡባቸውን ፎልደሮች ከነይዘታቸው አጠፋባቸው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቋርጦ ስሕተቱን ካረመ በኋላ እንደገና የለቀቀው ኅዳር 4 ቀን ነው። ከመስከረም 22 እስከ ኅዳር 4 ልክ 42 ቀን ነው። እነዚያን ቀናት የታገሠ ሰው ፎቶውን አላጣም።

ለሙከራ የሚለቀቀውን የኢንሳይደር እትም እንጀራዎን በሚያበስልልዎት ኮምፒውተር ላይ በፍጹም አይጫኑ።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩ መሸከም መቻሉን ያረጋግጡ

ከማይክሮሶፍት «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርደው ያስኬዱት። ዊንዶውስ 11 ይችላል ወይም አይችልም ብሎ ምክንያቱን ይነግርዎታል። ኢንተርኔት ከሌለ በእጅ እንዲህ ይፈትሹ፦

1. የስታርት መፈለጊያ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉና ይክፈቱ።

2. «ፕሮሰሰር» ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ያንብቡ። የኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አይ5-8250ዩ ስምንተኛ ነው፤ አይ5-10210ዩ አሥረኛ፤ አይ5-7200ዩ ግን ሰባተኛ ስለሆነ አይፈቀድለትም። ገበያ ላይ «ኮር አይ7 ነው» ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው ትውልዱን ካልነገረዎት ምንም አልነገረዎትም።

3. «ሲስተም ታይፕ» x64 ማለቱን ይመልከቱ፤ 64 ቢት ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 የ32 ቢት እትም የለውም፤ 32 ቢት ከሆነ ማሻሻል አይቻልም፣ ከባዶ መጫን ግድ ነው።

4. «ባዮስ ሞድ» የሚለውን ያንብቡ፤ ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት ተነስቶ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። «ዩኢኤፍአይ» ካለ መልካም። «ሌጋሲ» ካለ እዚያው ይቁሙ።

5. ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ መኖሩን በሴቲንግስ ውስጥ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ከፍተው፣ «ዲቫይስ ሴኩሪቲ» ገብተው ያረጋግጡ።

6. ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ባይት ራም እና 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ ነው። እኔ ግን ከ8 ጊጋ ባይት ራም በታች፣ እንዲሁም ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) በሌለው ኮምፒውተር ላይ አልጭንም። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ምሬት በየቀኑ እሰማዋለሁ። ከመጫንዎ በፊት ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 30 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ይኑር።

ማስጠንቀቂያ። «ሌጋሲ»ን ባዮስ ውስጥ ገብተው ዝም ብለው ወደ «ዩኢኤፍአይ» አይቀይሩ። የዲስኩ አከፋፈል አስቀድሞ ኤምቢአር ከሚባለው የድሮ ስልት ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ ካልተለወጠ ዊንዶውሱ አይነሳም። ሳያስቡት ከቀየሩት አይደንግጡ፤ ወደነበረበት ሲመልሱት ይነሳል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። መስፈርቱን ዘለው በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ማሻሻያ ለመስጠት ግዴታ አልገባም። ከ24ኤች2 ጀምሮ ደግሞ እንደ ኮር ቱ ዱዎ ያሉ በጣም አሮጌ ፕሮሰሰሮች ጭራሽ አይነሱም። የሚጭንልዎት ሰው ይህን አስቀድሞ እንዲነግርዎት ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ እንጀራዎ የተንጠለጠለባቸውን ነገሮች ይመዝግቡ

ሰው የሚወድቀው ከሁሉም በላይ እዚህ ነው። ወረቀት አውጥተው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚከፍቱትን ፕሮግራም፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ የተያያዘውን መሣሪያ ሁሉ ይጻፉ። በቃል አይያዙት።

አንድ ጊዜ አቶቴ አካባቢ የአንድ የሕንጻ መሣሪያ መሸጫ ኮምፒውተር አሻሻልሁ። ዊንዶውሱ ያለ እንከን ተጫነ፤ ደስ ብሎኝ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድሁ። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ስደርስ የደረሰኙ ፕሪንተር ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ተቀምጧል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ በካርቦን ወረቀት ላይ በእጇ ትጽፋለች፤ ሲሚንቶ ሊጭኑ የመጡ ሰዎች ከባንኮኒው ፊት ተሰልፈዋል። ጥፋቱ በአንዲት አውራ ጣት በምታህል አስማሚ ላይ ተገኘ። የድሮውን የፕሪንተር ገመድ ወደ ዩኤስቢ የምትቀይረዋ አስማሚ ውስጧ ያለው ቺፕ አሮጌ ስለነበር አዲሱ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አልቀበልም ብሎ ነበር። አስማሚዋን በዝርዝሬ ላይ ብጽፋት ኖሮ ቀድሜ እፈትሻት ነበር። አልጻፍኋትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ገመዱን ከግድግዳው እስከ ኮምፒውተሩ በእጄ ሳልከተል ሥራ አልጀምርም።

በዝርዝርዎ ላይ እነዚህን አይርሱ፦

* የሒሳብ ፕሮግራም። በየሱቁ የሚሠራበት ፒችትሪ ብዙ ጊዜ የድሮ እትም ነው። ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የሚሠራው ዳታቤዝም አዲሱ ላይ መነሳት አለበት። ተመሳሳዩን እትም በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራበት ሰው ፈልገው በዓይንዎ ይዩ።
* የአማርኛ መጻፊያ። ፓወር ግዕዝ የሚጠቀሙ ከሆነ የመጫኛ ፋይሉ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ካሉዎት የፎንት ፋይሎቹን ለብቻ ይቅዱ፤ ያለ እነርሱ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል።
* ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን። የእያንዳንዱን ሞዴል ከጀርባው ላይ ገልብጠው ይጻፉና አምራቹ ለዊንዶውስ 11 ድራይቨር ማውጣቱን ይፈልጉ። ካገኙት አውርደው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ።
* ፈቃድ። ሴቲንግስ ውስጥ «አክቲቬሽን» የሚለውን ይክፈቱ። ዊንዶውስ 10ዎ ሕጋዊ ከሆነ ወደ 11 መሻገሩ በነጻ ነው። በክራክ የነቃ ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ ከሆነ ግን ከማሻሻያው በኋላ ሊቆም እንደሚችል አውቀው ይግቡበት።

ደረጃ 4፦ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ፣ ከዚያ ይፈትኑት

1. የሒሳብ ፕሮግራሙን ራሱን ከፍተው በውስጡ ባለው የባክአፕ ትእዛዝ ቅጂ ያውጡ። ፎልደሩን ብቻ መገልበጥ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ የተገለበጠ ዳታ ጎደሎ ሊሆን ይችላል።

2. ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ የሚባሉትን ፎልደሮች ወደ ኤክስተርናሉ ይቅዱ። ዳውንሎድስን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከቴሌግራም የወረደው ውልና ደብዳቤ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

3. በዋናው ፎልደርም በቅጂውም ላይ የመዳፊቱን ቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱ። የፋይሉ ብዛት እኩል መሆኑን ያነጻጽሩ።

4. ኤክስተርናሉን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት። ከያንዳንዱ ፎልደር ሁለት ሦስት ፋይል ከፍተው ያንብቡ። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

5. ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች በሁለተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ ጎግል ድራይቭ ላይ ወይም በሌላ ዲስክ፣ ደግመው ያስቀምጡ።

6. የስታርት መፈለጊያ ላይ «ቢትሎከር» ብለው በእንግሊዝኛ ይፈልጉ። የተቆለፈ ድራይቭ ካለ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ይገልብጡ። ባዮስ ውስጥ የሚቀይሩት ነገር ካለ አስቀድመው ቢትሎከርን ለጊዜው ያቁሙት፤ አለበለዚያ ሲነሳ ቁጥሩን ይጠይቅዎታል። ቁጥሩ የሌለው ሰው ፋይሉን የሚያወጣለት ባለሙያ ሐዋሳም አዲስ አበባም አያገኝም።

ደረጃ 5፦ ይወስኑ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ አይጫኑ፦

* በደረጃ 3 ዝርዝር ላይ አዲሱ ላይ መሥራቱን ያላረጋገጡት ነገር አለ።
* ቅጂው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አልተፈተነም።
* የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ለግብር የሚቀርብበት ሰሞን ነው። አዲስ እትም የሚወጣው ሒሳብ ሠራተኛ እንቅልፍ በሚያጣበት ወቅት መሆኑን ልብ ይበሉ።
* የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፉ ነው። ጽሑፉን አስረክበው፣ አስተያየቱን አርመው ሲጨርሱ ይመለሱበት።
* ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ አላቀረበልዎትም። ማይክሮሶፍት ችግር የታወቀበትን የኮምፒውተር ዓይነት ለይቶ እትሙን ያግድበታል። በፍላሽ አስገድዶ መጫን የተዘጋውን በር መስበር ነው።

ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ ውሳኔው የእርስዎ አይደለም፤ የአይሲቲ ክፍሉን ይጠይቁ። ሁለተኛ ኮምፒውተር ያለው፣ ወይም ቤት ውስጥ ፊልም ለማየትና ለመማር ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ግን ቀድሞ ቢጭን አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጫንና ለጎረቤቱ ይንገር።

ደረጃ 6፦ ለመቆየት ከወሰኑ

ሴቲንግስ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ይክፈቱ። ማሻሻያዎችን እንደወጡ ወዲያው እንዲያመጣ የሚያዘው ማብሪያ በርቶ ከሆነ ያጥፉት። «ፖዝ አፕዴትስ» የሚለው እስከ አምስት ሳምንት ያግዳል፤ ነገር ግን ወርኃዊውንም አብሮ ስለሚያግድ ለተጨናነቀ ሰሞን ብቻ ይጠቀሙበት። የአፕዴት አገልግሎቱን ለዘለቄታው የሚዘጋልዎት ቴክኒሺያን ካለ አይፍቀዱለት። የሚመለሱበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ለመጫን ከወሰኑ

1. ጠዋት ይጀምሩ። ማታ የተበላሸ ነገር እስኪነጋ የሚረዳው የለም።

2. መብራትን አይመኑ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤሱን አስቀድመው ይፈትኑ፦ ሥራ ሳይከፍቱ ገመዱን ከግድግዳ ነቅለው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ይያዙ። አምስት ደቂቃ ብቻ ከያዘ ባትሪው አልቋል፤ ሳይቀይሩት አይጀምሩ።

3. ከኪቦርድና ከመዳፊት በቀር የተሰካውን ሁሉ ይንቀሉ። በተለይ ቅጂው ያለበትን ኤክስተርናል።

4. የቀሩትን ወርኃዊ ማሻሻያዎች ጭነው አንድ ጊዜ ሪስታርት ያድርጉ።

5. ለብቻው የተጫነ ጸረ ቫይረስ ካለ ያውጡት፤ በኋላ ይመለሳል።

6. እትሙን ያውርዱ። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገሪያው ብዙ ጊጋ ባይት ስለሆነ የሞባይል ጥቅል የሚጠቀም ሰው ቀሪ ሒሳቡን ይመልከት፤ ሌሊት ማውረድ ይችላል። እዚህ ድረስ መብራት ቢጠፋ ጉዳት የለም።

7. ሪስታርት እንዲያደርጉ ሲጠይቅዎት መብራት መኖሩን አይተው ይጫኑ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው አደገኛው ክፍል። ፐርሰንቱ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ የዲስኩ መብራት ብልጭ እያለ እስካለ ድረስ ሥራ ላይ ነው። ማጥፊያውን አይጫኑ።

8. ሲጨርስ በደረጃ 3 ዝርዝር ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ይሞክሩ። ፕሪንተሩ ላይ እውነተኛ ደረሰኝ ያትሙ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙን ከፍተው የትናንቱን ሽያጭ ያግኙ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

«አንዱዊንግ ቼንጅስ» ብሎ ወደኋላ ከተመለሰ፦ አይንኩት። ራሱን እያዳነ ነው። ሲጨርስ ቦታ ማነሱን ወይም ያልተነቀለ መሣሪያ መኖሩን ይፈትሹ፤ ያንኑ ቀን ደግመው አይሞክሩ።

መሐል ላይ መብራት ከጠፋ፦ ሲመጣ ያብሩትና ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ከቆመበት ይቀጥላል ወይም ወደ ድሮው ይመለሳል። የመጫኛ ፍላሽ ሰክቶ ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፦ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የእንግሊዝኛውን «ቢ» በአንድነት ይጫኑ። የስክሪን ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል።

ደጋግሞ አልነሳም ካለ፦ በተከታታይ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጹ ራሱ ይመጣል። «ትረብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ብለው ገብተው የመጨረሻውን «ፊቸር አፕዴት» ያንሱ።

የአማርኛ ሰነድ መልኩ ከተለወጠ፦ ከባዶ የተጫነ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ፎንት ላይኖር ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ፈልገው «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጨምሩ።

ፋይል ከጠፋ፦ አዲስ ነገር አይቅዱበት። ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚል ፎልደር አለ፤ በውስጡ «ዩዘርስ»ን ከፍተው በስምዎ ይፈልጉ።

ደረጃ 8፦ የአሥሩ ቀን ገደብ

ከተሻሻለ በኋላ ወደ ድሮው መመለስ የሚቻለው ለአሥር ቀን ብቻ ነው፤ በሴቲንግስ፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ጎ ባክ» በኩል። በእነዚህ ቀናት ዲስክ የሚያጸዳ ፕሮግራም አያስኬዱ፤ መመለሻዎ «ዊንዶውስ.ኦልድ» ውስጥ ስላለ ቦታ ይዟል ብለው ከሰረዙት በሩ ይዘጋል። ከማሻሻያው በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ሲመለሱ ይጠፋሉ፤ በዚህ መሐል የሠሯቸውን ፋይሎችም ለብቻ ይቅዱ።

ዘጠነኛውን ቀን በስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉበት። ያን ዕለት ወረቀቱን አውጥተው እያንዳንዱ ፕሮግራምና መሣሪያ መሥራቱን እንደገና ያረጋግጡ። አንድ ነገር እንኳ እምቢ ካለና መፍትሔ ካላገኙለት ይመለሱ። ሁሉ ከሠራ ጸረ ቫይረሱን መልሰው ይጫኑ። ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ቅጂ ግን የዚያ ወር ሒሳብ እስኪዘጋ አያጥፉት።